ስለ አርሲዋ መነኩሲትና ስለ ነቃፊዎቿ

በአርሲ ደጋ ስለሚኖሩት ካቶሊካውያት መነኮሳይያት ነገር በተነሣ ቁጥር ከካህናትም ከከተማ ሰዎችም አፍ የማይጠፋ አንድ ነቀፋ አለ። መድኃኒቱ መንጠቆ ነው፤ ትምህርቱ መረብ ነው፤ የሚጠመደውም የተዋሕዶ ልጅ ነው ይባላል። ይህን ከሚሉት መካከል ልጁን ጧት በካቶሊክ ትምህርት ቤት ደጅ አድርሶ፤ ማታ በቡና ላይ መምህራኑን የሚያማ ሰው አይታጣም። ልጁን ግን ከዚያ ሲያወጣ አልታየም።

ነገሩን ለመመርመር አስቀድሞ ለነቃፊዎቹ የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል፤ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለምና። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ከተቀበለ በኋላ ፓትርያርክ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፤ ካህናቱም ዳግመኛ ይሾሙ ብሎ ባዘዘ ጊዜ በአገሩ ላይ የወረደው መከራ የታወቀ ነው። ንጉሡ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝብ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ እስኪለቅ ድረስ የፈሰሰው ደም የወንድማማች ደም ነበር። ይህም የሩቅ ዘመን ነገር ነው ቢባል፤ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም ያለቁት በግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር የወራሪውን ጦር ዘመቻ በአደባባይ ማመስገኑን ታሪክ መዝግቦታል። በአርሲ የምትታወቀው የኮንሶላታ ማኅበርም በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ የተመሠረተች ናት። ከወንዶቹ ማኅበር የሆነው ጋውዴንሲዮ ባርላሲና እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ኢትዮጵያ የገባው በነጋዴ ልብስ ተሰውሮ ነበር። ሰው ተሰውሮ የገባበትን ቤት ባለቤት ጠረጠርከኝ ብሎ ሊወቅስ አይችልም።

እንግዲህ ትዝታው እውነተኛ ነው። ክርክሩ ያለው ትዝታው በማን ላይ ይፈረድበት በሚለው ላይ ነው። የሱስንዮስን ዘመን ሚሲዮናውያንና በጋምቦ የሕሙማን ቤት ቁስል ያጠበችውን ሴት በአንድ ገመድ አስሮ መገረፍ ግን የታሪክ ዕውቀት አይደለም። እነዚያ ከንጉሥ እልፍኝ ጀመሩ፤ አዋጅና ሰይፍም ተከተላቸው። እነዚህ የጀመሩት ማንም ከማይጠጋው ከሥጋ ደዌ ሕሙም ጎጆ ነው። ወጥመድ የሚዘረጋ ሰው ወፍ ያለበትን ዛፍ ይመርጣል እንጂ ሰው ሁሉ የሸሸውን ቦታ አይመርጥም።

ስለ ማኅበሯ ጥቂት ይነገር። ኮንሶላታ ማለት በጣልያንኛ የተጽናናች ማለት ሲሆን በቶሪኖ የእመቤታችን የማርያም ስም ነው። የዚያ ቤተ መቅደስ አለቃ የነበረው ካህን ጁዜፔ አላማኖ የወንዶቹን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1901፤ የሴቶቹን ደግሞ በ1910 አቆመ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በጥቅምት 2024 ከቅዱሳን ቍጥር አግብታዋለች። መነኮሳይያቱ ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጡት በ1920ዎቹ ነው። ጣልያን ድል በሆነ ጊዜ ወጡ፤ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላም ተመለሱ። በተመለሱ ጊዜ የሚደገፉበት ሠራዊት አልነበረም፤ ብዙ ሳይቆይም የመጣው የደርግ መንግሥት ለሃይማኖት ሰው የማይመች ነበር። የአርሲ አገር ለካቶሊኮቹ የሚተዳደረው ከመቂ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት ለመሆን ተለይቶ በ1991 ወደ ላቀ ማዕርግ ደርሷል። ዛሬ በየካቶሊክ ማኅበሩ ያሉት መነኮሳይያት ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ልጆች መሆናቸውን ነቃፊዎቹ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል፤ ነጭ ፊት ብቻ ይታያቸዋል።

የእንዲህ ያለችው መነኩሲት ኑሮ ምን ይመስላል ቢሉ፤ ወሬ የሚያበዛለት ኑሮ አይደለም። በጭላሎ ተራራ ግርጌ አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ የገብስ አዝመራ ያቃጥላል። በዚያ ብርድ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ከእኅቶቿ ጋር ጸሎቷን ታደርሳለች። ቁርሷን ከቀመሰች በኋላ እንደ ታዘዘችው ወደ ሕሙማን ወይም ወደ ሕፃናት ትሄዳለች። በክረምት የአርሲ ጥቁር ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም፤ መኪና ሲቆም በበቅሎ፤ በቅሎ ስትደክም በእግር ትጓዛለች። ከሥራ ስትመለስ ሰው አይጠብቃትም። ወጥ ቤት ተራዋ ከሆነ ታበስላለች፤ ልብስ ማጠብ ተራዋ ከሆነ ታጥባለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጸሎት ነው። ለድኽነት፤ ለንጽሕናና ለመታዘዝ ስእለት ገብታለችና ደመወዝ ቢከፈላት እንኳ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይገባል፤ ጫማ ሲያልቅባት ጫማ ትጠይቃለች። ሃያ ዓመት የኖረችበትን አገር ትተሽ ወደ ሌላ አገር ሂጂ ስትባል ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። በዚህ ጊዜ የሚያለቅሱት ብዙውን ጊዜ ጎረቤቶቿ ናቸው።

የሥጋ ደዌ ሕሙምን ማስታመም ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ይገለጽ። በሽታው የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። ሕሙሙ ፍም ቢረግጥ አያውቅም፤ እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ጫማው ሲልጠው ይውላል፤ ቁስሉም ምንም ሳያመው አጥንት ይደርሳል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ተሐዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ በአንድነት የሚሰጡት መድኃኒቶችም በ6 ወይም በ12 ወር ተሐዋሲውን ያጠፉታል። የሞተውን ነርቭ ግን አያስነሡትም። ስለዚህ ከበሽታው የዳነው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ እግሩ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የደደረው ቆዳ ይፋቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ ቁስሉ ይጠረግና ይታሰራል። ሰውዬው ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ከሞፈር ጋር ሲታገል ይውላል፤ በወሩ ያው እግር እንደገና ቆስሎ ይመጣል። ያች ሴት ያንኑ እግር እንደገና ታጥባለች። በምዕራብ አርሲ ያለው የጋምቦ ሆስፒታል የተጀመረው ለእነዚህ ሕሙማን ማረፊያ ሆኖ ነው፤ ኋላ ግን እናት የምትወልድበት፤ ሕፃን በረኃብ ከስቶ ሲመጣ የሚያገግምበት አጠቃላይ ሆስፒታል ሆነ።

አርሲ የሯጮች አገር ናት። ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ ተነሥታ በ1992 በባርሴሎና በ10000 ሜትር ወርቅ ባመጣች ጊዜ አገር ሁሉ እልል አለ፤ የሚገባም ነው። በዚያው ደጋ ሠላሳ ዓመት ጧትና ማታ ወደ ሕሙም ቤት የተመላለሰች ሴት ግን ስንት ሺህ ሜትር እንደ ሄደች የቈጠረላት የለም። መቁጠሩ ይቅር፤ አጥማጅ ነሽ ባትባል በቂዋ ነበር።

ወደ ነቀፋው ይመለሱ። መንጠቆ ነው የተባለው እውነት ከሆነ ዓሣው የታለ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላው ኢትዮጵያ ካቶሊክ የተባለው ከመቶ 1 እንኳ አልሞላም። ለዘመናት የቆየ ትምህርት ቤትና የሕክምና ቤት ያፈራው ይህን ያህል ከሆነ፤ ወይ አጥማጁ እጅግ ሰነፍ ነው፤ ወይም ማጥመድ ሥራው አይደለም። በአርሲ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ከሕክምና ቤቱ ደጅም ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር ተሰልፎ ይገባል፤ ድኖም በሃይማኖቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያው ማኅበር የሆነችው ሊዮኔላ ስጎርባቲ በኬንያ ነርሶች ስታስተምር ኖራ ወደ ሞቃዲሾ ሄደች፤ በዚያም ሶማሌ ወጣቶችን ነርስነት ስታስተምር እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2006 ከጠባቂዋ ከሙስሊሙ ሰው ጋር በጥይት ተገደለች። ጠባቂው ሊያድናት ሲሞክር እንደ ሞተ ተነግሯል። በሞቃዲሾ ማንን ለማጥመቅ ሄዳ ነበር? ነቃፊዎቹ ይህን ይመልሱ።

ከካህናቱ መካከል ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር የሚያነሡ አሉ፤ እነርሱንም በቀልድ ማለፍ አይገባም። ሃይማኖቷ የቀና ካልሆነ ምግባሯ ምን ይጠቅማል? ምግባሯን ማመስገንስ የኬልቄዶንን ጉባኤ መቀበል አይሆንም ወይ? ይላሉ። ለዚህ መልሱ በወንጌል ተጽፏል። ጌታ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ለሳምራዊቷ ሴት የወገኖቿ አምልኮ ዕውቀት የጎደለው መሆኑን፤ መድኃኒትም ከአይሁድ ወገን መሆኑን ሳያመነታ ነገራት። ያው ጌታ ደግሞ በኢያሪኮ መንገድ ስለ ወደቀው ሰው ባስተማረ ጊዜ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ሳምራዊውን ነው፤ ካህኑንና ሌዋዊውን አልፈው የሄዱ አደረጋቸው። የሳምራውያንን ስሕተት የነገራት እርሱ ነው፤ የሳምራዊውን እጅ ያመሰገነም እርሱ ነው፤ ሁለቱ ነገሮችም በአንድ አንደበት አልተጣሉም። እንግዲህ ስለ አንድ ባሕርይ የሚከራከር ሊቅ ይከራከር፤ ከቅዱስ ቄርሎስ ትምህርት አንዲት ነጥብ አይልቀቅ። የጋምቦዋን መነኩሲት ዘይትና ጨርቅ ግን የኬልቄዶን ዘይት ነው ብሎ መድፋት የለበትም። በዚያ ምሳሌ አልፎ የሄደው ካህን ኦሪቱን አሳምሮ ያውቅ እንደ ነበር አይርሳ።

ሌሎቹ ደግሞ የመነኩሲት ሥራ ጸሎት ነው፤ ማርያም መልካሙን ዕድል መረጠች፤ ማርታ ግን በብዙ ነገር ታወከች ይላሉ። ይህም በአባቶች ኑሮ አይጸናም። አባ እንጦንስ በበረሃ በተሰላቸ ጊዜ ያየው መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፤ ተነሥቶ ሲጸልይ፤ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ ነው። የአባ ጳኵሚስ ገዳማት በየሙያው የተከፈሉ ነበሩ፤ ሸማኔው ለብቻ፤ ጫማ ሰፊው ለብቻ። ከሁሉም ይልቅ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ምእት ዓመት በቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾች፤ ለእንግዶችና ለሕሙማን የሠራው ሰፈር በስሙ እስኪጠራ ድረስ የታወቀ ነበር። ጳጳስ ሆኖ ሳለ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በእጁ እንደ ነካ ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በባስልዮስ ስም ይጠራል። ቅዳሴውን አሳምሮ ለሚያዜመው ካህን የቅዳሴው አባት የሆስፒታልም አባት መሆኑን ማን ይንገረው?

ካቶሊኮችን በመቃወም ስም ማንሳት ለሚወድ ሰው ከቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የሚበልጥ አይገኝም። እርስዋ ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ፤ በንጉሥ ፊት ቆማ፤ የሮምን እምነት አልቀበልም ብላ ተሰድዳለች። በ1642 እ.ኤ.አ. እስክታርፍ ድረስም በጣና ዙሪያና በየበረሃው ሰባት ማኅበር አቋቁማለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈውን ገድሏን የሚያነብ ሰው ግን ክርክር ብቻ አያገኝበትም። የታላላቆች ልጅ ሳለች እንደ ገረድ እህል ስትፈጭ፤ ውኃ ስትቀዳ፤ እንጨት ስትሸከም ያገኛታል። ሮምን የተቃወመችው አፏ እንደ ሆነ እንዲሁ እጇም የወፍጮ እጅ ነበር። ስሟን ለነቀፋ የሚጠራት ሰባኪ መጇን ግን ሊያነሣው አይወድም።

እዚህ ላይ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን የሚሰማ ሌላ ስሕተት አለ፤ እርሱም በተማሩት የከተማ ሰዎች ዘንድ ይበዛል። ሲስተሮቹ ይሠራሉ፤ የኦርቶዶክስ መነኮሳይያት ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ከመለመን በቀር ምን ያውቃሉ? ይላሉ። አንዷ ሲስተር፤ ሌላዋ እማሆይ መባሏ እንኳ በአፋቸው ላይ ልዩነት ያመጣል፤ ሲስተር ሲሉ ይቆማሉ፤ እማሆይ ሲሉ ሳንቲም ይፈልጋሉ። እንደዚህ ያለ ሰው የሚቆርበው መገበሪያ ከማን እጅ እንደ ወጣ አይጠይቅም። አርሲ የስንዴ አገር ናት። ስንዴው ከጆንያ ወጥቶ በሰፌድ ሲቀርብ እንክርዳዱን፤ ጠጠሩን፤ የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ የሚለቅሙት ዓይናቸው የደከመ እማሆዮች ናቸው። ለቅመው፤ አጥበው፤ አስጥተው፤ ፈጭተው ለቤተ ልሔም ያደርሳሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርጉት፤ ለማኅበር ቀን ጠላ የሚጠምቁት፤ ፈትል የሚፈትሉት እነርሱ ናቸው። ዕውቀትስ ቢባል፤ በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ የቅኔ መምህርት ነበሩ፤ ብዙ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ዜማ ልክና ምሥጢር ለይተዋል። ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው የመነኩሲትን መሃይምነት ባይመሰክር ይሻለዋል።

ታዲያ የካቶሊካዊቷ ሥራ ስለ ምን በአደባባይ ታየ፤ የእማሆይስ ስለ ምን ተሰወረ? ምክንያቱ ትጋት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ካቶሊካዊቷ በወጣትነቷ ትገባለች፤ ማኅበሯም ነርስነት ወይም አስተማሪነት አስተምሮ ያሰማራታል፤ ስትታመም ያስታምማታል፤ ስታረጅ ይጦራታል። የአርሲዋ እማሆይ ግን ብዙውን ጊዜ ባሏ ሲሞት፤ ልጆቿ ሲበተኑ፤ ጕልበቷ ካለቀ በኋላ ቆብ ትደፋለች። የአንድነት ገዳም በአካባቢዋ ከሌለ በአጥቢያው አጥር ጥግ ጎጆ ቀልሳ ብቻዋን ትኖራለች። ቆቡን የባረከላት አባት በማግሥቱ ምን እንደምትበላ አይጠይቃትም። እርሷ ከታመመች ውኃ የሚያቀብላት ጎረቤቷ ሌላ አሮጊት ናት። የገዳም ሕግ በአንድነትና በቁሪት ተከፍሎ እንደሚኖር ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ የእማሆይ ኑሮ ግን ቁሪትም አይባል፤ መጣል ነው።

ወጣት ሴቶች መመንኰስ በሚሹበት ጊዜም የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ ሂጂ ተይው፤ ገና ልጅ ነሽ ይባላሉ። በሰበታ ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ወላጅ የሌላቸው ሴቶች ልጆች በመነኮሳይያት እጅ አድገው ተምረው መውጣታቸው እየታወቀ፤ የዚያ ዓይነት ቤት በየሀገረ ስብከቱ እንዲሠራ ድምፁን ያሰማ ሰባኪ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ቆሞ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ችግኝ ያስተክላል። ከእነዚህ ሥራዎች አጠገብ አሥር መነኮሳይያት ነርስነት ተምረው በአርሲ ደጋ በአንድ የጤና ጣቢያ ቢሰማሩ ቀኖና አይፈርስም፤ ጉባኤም አያስፈልገውም።

ገንዘብ የለም ይባል ይሆናል። ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል፤ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አለ፤ የገቢና የወጪ መዝገብ አለ። መዝገቡ ቢገለጥ የካህናቱ ደመወዝ ይገኝበታል፤ የዘበኛው ይገኝበታል፤ በከተማ አጥቢያዎች ደግሞ የድምፅ ማጉያው ዋጋ ይገኝበታል፤ ስለ መንጠቆና ስለ መረብ የሚሰበከውም በዚያው ድምፅ ማጉያ ነው። የመገበሪያውን ስንዴ የምትለቅመዋ እማሆይ ግን በአብዛኛው በዚያ መዝገብ የለችም። ነቃፊዎቹ በሚመጣው ዓመት የሰበካ ጉባኤው በጀት ሲቀርብ እጃቸውን ያንሡና ስሟ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ለዱቄቷ፤ ለብርድ ልብሷ፤ ለመድኃኒቷ የሚሆን ይቈረጥላት። ያን ቀን ስለ ጋምቦዋ መነኩሲት የሚናገሩት ነገር ካላቸው ሰው ተቀምጦ ይሰማቸዋል።